ባንዱ ታየ፤ ግን የማን ነው?



በየዓመቱ የላብ ኮርስ ሲጀመር ወደ ጀመዓችን የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ከባዮሎጂ፣ ከባዮቴክኖሎጂ ወይም ከሕክምና የሆነ ወንድም ከሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ከአሳማ ቆሽት ነው የሚወጣው ይላሉ፤ ልብሴ ላይ ቢፈስ በዚያው ልስገድ?» ይላል። ሌላዋ እህት ሜምብሬን የምታርስበትን ሜታኖል አንስታ ትጠይቃለች። እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ በመኖሩ ደስ ይለናል። መልሱ የኡስታዞቻችን ነው፤ እኛ ይህን የምንጽፈው ልጆች የላብ ሰዎች እንጂ የፊቅህ ሰዎች አይደለንም።

ግን እነዚህን ጠርሙሶች ይዘን ስንውል ጥቂት ዓመታት አልፈዋልና፣ ማንም ጠይቆን የማያውቀውን ሌላ ጥያቄ እኛው ልናነሳው ፈለግን። ከጠርሙሱ ወጥቶ እጃችንን ስለሚነካው ነገር የምንጠነቀቀውን ያህል፣ ከእጃችን ወጥቶ ወረቀት ላይ ስለሚሰፍረው ነገር እንጠነቀቃለን ወይ?

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ረመዷን ነው። ከመካከላችን አንዷ የማስተርስ ቴሲሷን ትሠራ ነበር። ሌሎቻችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስንሆን እያገዝናት እግረ መንገዳችንን እንማር ነበር። ሥራዋ ግቢያችን ውስጥ በብዛት እንደሚሠሩት ቴሲሶች ነው፦ የአንድ የባህል መድኃኒት ቅጠል ጭማቂ ለአይጦች ይሰጣል፣ ከዚያ በጉበታቸው ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ጨመረ ወይስ ቀነሰ ተብሎ ይታያል። የፕሮቲኑ ክብደት 50 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ ኋላ ጉድ የሚያደርገን እሱ ነው።

ለሕግና ለኢንጂነሪንግ ወንድሞችና እህቶች ሥራውን ባጭሩ እናስረዳ። ጉበቱ ይፈጫል፤ ኤስዲኤስ ከሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካልና ቤታ መርካፕቶኢታኖል ከሚባል፣ ሽታው ከላብ ኮሪደር አልፎ ካፌ ከሚደርስ ፈሳሽ ጋር ይፈላል። ያኔ ፕሮቲኖቹ ሁሉ ተጥመልምሎ የነበረው ቅርጻቸው ይፈታና እንደ ክር ይዘረጋሉ፣ ሁሉም ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ከዚያ ከአክሪላማይድ በተሠራ ጄል ውስጥ ኤሌክትሪክ እየነዳቸው ይሮጣሉ። ትንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ ወደ ኋላ ይቀራል። (አክሪላማይድ ጄል ከመሆኑ በፊት ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነው። ጓንት ሳታደርጉ የምትደፉት ወንድሞች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ይህን አሠራር ዛሬ ባለበት መልኩ ያወጣው ላምሊ የተባለ ሰው ሲሆን፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ በሳይንስ ዓለም በብዛት ከተጠቀሱት አንዱ ነው።

ጄሉ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ቀጥሎ ሜምብሬን ወደሚባል እንደ ወረቀት ስስ ወደሆነ ነገር ይዛወራሉ። አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ሜምብሬኑ ላይ ተደርድረዋል፣ አንዱም ግን በዓይን አይታይም። ባዶው ቦታ በ5 በመቶ የወተት ዱቄት ውሃ ይሸፈናል፤ አዎ፣ ቅባቱ የወጣለት ከሱቅ የሚገዛው የወተት ዱቄት። ከዚያ አንቲቦዲው ይመጣል። ሥራው ከነዚያ ሁሉ መካከል የሚፈለገውን አንዱን ብቻ ፈልጎ መያዝ ነው። ሁለተኛ አንቲቦዲ ደግሞ የመጀመሪያውን ይይዛል፤ በጀርባው ፐሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ተሸክሟል። ቀለም የሚያወጣው ኬሚካል ሲጨመር ኢንዛይሙ ባለበት ቦታ ቡናማ መስመር ይወጣል። ያ መስመር ባንድ ይባላል፤ ዘዴው ራሱ ዌስተርን ብሎት። ስሙ ቀልድ ነው። ሳዘርን የተባለ ሳይንቲስት በ1975 ለዲኤንኤ ተመሳሳይ ዘዴ ስላወጣ፣ የሰውየው ስም «ደቡባዊ» ማለት በመሆኑ ተከታዮቹ «ሰሜናዊ»፣ ከዚያም «ምዕራባዊ» እያሉ ሄዱ።

የዚያን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ላብ ገብተን አንቲቦዲውን ሜምብሬኑ ላይ አፍስሰን በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርነው። ያቺ ጠርሙስ እንዴት እንደመጣች ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ። በትምህርት ክፍሉ በኩል ብትታዘዝ የውጭ ምንዛሪው ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ የአንዳችን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በበረዶ ከረጢት ጠቅልሎ በሻንጣው ይዟት መጣ። ውስጧ 100 ማይክሮ ሊትር ነው፤ ሁለት ጠብታ ማለት ነው። ለሁለት ጠብታ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ተከፍሏል። ፒፔቱን የያዘው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሱሑር በልተን፣ ፈጅር ሰግደን ተመለስን። አጠብን፣ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ጨመርን፣ አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ደግመን አጠብን፣ ቀለሙን አፈሰስን። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልክ 50 ላይ ደማቅ ባንድ ብቅ አለ። ከቅጠሉ ጭማቂ ካልጠጡት አይጦች ይልቅ በጠጡት ላይ ወፈር ያለ ነበር። ቴሲሱ አለቀ ማለት ነው! ተክቢራ ያለም ነበር። ከታች 25 አካባቢ ደብዘዝ ያለ ሌላ ባንድ ነበር፤ እሱን «ቆሻሻ ነው» ብለን አለፍነው።

የቴሲሱ ባለቤት እህታችን ግን አልሳቀችም። የዚያኑ ቀን አንዲት ቁራጭ ሜምብሬን አስተርፋ ነበርና፣ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ጨርሶ ሳትጨምርባት ሁለተኛውን ብቻ አፈሰሰችባት። የሚፈልገው አንቲቦዲ ከሌለ ሁለተኛው የሚይዘው ስለማይኖር ቁራጯ ባዶ መሆን አለባት። ባዶ አልሆነችም። ያው ባንድ፣ ያው 50 ላይ፣ ያው ከታች 25።

ምክንያቱን ለማወቅ እስከ ዙሁር ተቀመጥን። ውድዋ አንቲቦዲያችን የተሠራችው ከአይጥ ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ ደግሞ «የአይጥ አንቲቦዲ ያዝ» ተብሎ የተሠራ ነው። የፈጨነው ጉበትም የአይጥ ነው፤ በጉበቱ ውስጥ ደም አለ፣ በደሙ ውስጥ የአይጧ የራሷ አንቲቦዲዎች አሉ። አንቲቦዲ ሲፈላና ሲፈታ ሁለት ዓይነት ክር ይወጣዋል፦ ከባዱ 50 ኪሎዳልተን፣ ቀላሉ 25። በተክቢራ የተቀበልነው ባንድ የምንፈልገው ፕሮቲን ላይሆን ይችላል፤ የአይጧ የራሷ ደም ነው። የቅጠሉ ጭማቂ ጨመረው ያልነውም ምናልባት አንዱ ጉበት ከሌላው ይልቅ ደሙ በደንብ ሳይታጠብለት ቀርቶ ነው።

ዲፌንሱ 15 ቀን ቀርቶት ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ እሱም ይህን ጽሑፍ ሲዘጋጅ አብሮን ተቀምጧል፣ «ቁራጯን ማንም አላያትም» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ስንት ሌሊት እንደደከምን ያውቃል፣ ሌላ ጠርሙስ እንደማይመጣ ያውቃል፣ ቦርዱ ስለ ቁራጯ እንደማይጠይቅም ያውቃል። እኛም ለጥቂት ደቂቃ ዝም አልን። ያ ዝምታ ነው ይህን ያስጻፈን። ልብሱ ላይ ትሪፕሲን ስለመፍሰሱ ሲጨነቅ የነበረ ሰው ሁላ ዝም አለ።

እህታችን ቁራጯን በቴሲሷ ውስጥ አስገባቻት። «በዚህ አንቲቦዲ በዚህ ናሙና ፕሮቲኑን መለካት አልተቻለም፤ ምክንያቱ ይህ ነው» ብላ ጻፈች፣ ወደ ፊት ለሚሠራ ሰው ከጥንቸል የተሠራ አንቲቦዲ እንዲጠቀም ወይም ጉበቱን ከመውሰዱ በፊት ደሙን በጨው ውሃ እንዲያጥብ መከረች። በዲፌንሱ ዕለት «ታዲያ ግኝትሽ ምንድን ነው?» ተባለች። ያገኘችው ውጤት ቢ ነው። በዚያው ሳምንት ኮንትሮል የሚባል ነገር የሌላቸው ደማቅ ባንዶች ይዘው የቀረቡ ሌሎች ኤ አግኝተዋል። የእነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህን የሚያሳይ ነገር ወረቀታቸው ላይ አልነበረም፣ የጠየቃቸውም የለም።

ይህ የእኛ የድሃ ላብ ችግር ብቻ ቢሆን በኖረ። ነገሩ ሰፊ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገር ሲገባበት የሚሠራው የዋይ ፊደል ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ነው። ለላብ የሚሆነው በብዙ መንገድ ይሠራል። አንዱ ለጥንቸል ወይም ለፍየል የሚፈለገውን ፕሮቲን መውጋትና ደሟ የሠራውን መውሰድ ነው። ይህ የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ ስለሆነ ያቺ ጥንቸል ስትሞት ያው ድብልቅ ዳግም አይገኝም፤ ቀጣዩ ጠርሙስ ያው ስም ቢኖረውም ከሌላ ጥንቸል ነው። በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠራውን ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋህደው አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመርት ሴል ፈጠሩ። በ1984 ኖቤል አገኙበት፤ ፓተንት አላወጡበትም። ይህም ቢሆን አንድ ዓይነት መሆኑን እንጂ ትክክለኛውን መያዙን አያረጋግጥም። ሁልጊዜ የተሳሳተ ሰው የሚይዝ ፖሊስ አንድ ዓይነት ነው፣ ምን ዋጋ አለው?

ቶሮንቶ ውስጥ የቆሽት ካንሰርን ቀድሞ የሚያስታውቅ ምልክት ፍለጋ የተነሱ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከሽያጭ የገዙት መለኪያ ኪት ኩዝዲ-1 የተባለውን ፕሮቲን ይለካል ተብሎ የተጻፈበት ነው። ውጤቱ አስደሳች ነበር፣ በታማሚዎች ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ሁለት ዓመትና ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ ኪቱ የሚለካው ሲኤ-125 የተባለ፣ ከማኅፀን እንቁላል እጢ ካንሰር ጋር ተያይዞ ድሮ የሚታወቅ ሌላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች የሚመሰገኑበት ነገር ስህተቱን በ2014 በስማቸው ማሳተማቸው ነው።

ሌላው በጡት ካንሰር ዙሪያ ነው። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ቤታ የተባለው ፕሮቲን በ1996 ከተገኘ ወዲህ በጡት ዕጢ ውስጥ ምን ይሠራል እየተባለ ለ20 ዓመት ያህል ብዙ ተጽፏል፤ አለ የሚልም የለም የሚልም። በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ይይዛሉ የሚባሉ 13 አንቲቦዲዎችን አንድ በአንድ ፈተኑ። በደንብ ሠርቶ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። በእሱ ሲያዩት በጤነኛውም ሆነ ካንሰር በያዘው የጡት ሥጋ ውስጥ ፕሮቲኑን አላገኙትም። ያ ሁሉ ጽሑፍ በአንድ በኩል ይቀመጥ። ከእናቶቻችን፣ ከአክስቶቻችን መካከል በዚህ በሽታ ያላለፈ ቤተሰብ ስንቱ ነው? ለእነሱ መድኃኒት ይገኝበታል ተብሎ የፈሰሰ ዕድሜና ገንዘብ ነው።

በ2015 ሁለት ሳይንቲስቶች ከመቶ በላይ የሙያ ባልደረቦቻቸውን አስፈርመው ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ዓለም ለነዚህ ፕሮቲን ያዥ ሪኤጀንቶች በዓመት ከሚያወጣው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ግማሽ ያህሉ በማይረቡት ላይ ይባክናል ብለው ገምተዋል። እኛ በሻንጣ የምናስመጣውን አስቡት።

ደግነቱ እየተስተካከለም ነው። ከሞንትሪያል የሚሠራ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዋይ፣ ካር፣ ኦ፣ ኤስ» ተብሎ ተጽፎ «ኢካረስ» ተብሎ የሚነበብ ቡድን አለ። የአንዱን ፕሮቲን ጂን ከሴል ውስጥ ቆርጠው ያወጡና አንቲቦዲውን ጂኑ ባለበትና በሌለበት ሴል ላይ ጎን ለጎን ይፈትኑታል። ፕሮቲኑ በሌለበት ዝም የሚል አንቲቦዲ ታማኝ ነው፤ እዚያም የሚጮህ ከሆነ ዋሽቷል። በ2023 ለ65 ፕሮቲኖች የተሠሩ 614 አንቲቦዲዎችን ፈትነው ውጤቱን አወጡ። ከፕሮቲኖቹ በአብዛኞቹ ላይ ቢያንስ አንድ ጥሩ አንቲቦዲ ተገኝቷል፤ ነገር ግን በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች የወደቀ አንቲቦዲ ተጠቅመው ተገኝተዋል። ካምፓኒዎቹም ውጤቱን አይተው የወደቁትን ብዙዎቹን ከገበያ አነሱ ወይም የአጠቃቀም ምክራቸውን ቀየሩ። ሪፖርቱ በነጻ ነው የሚገኘው። ጠርሙስ ለማስመጣት ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት እሱን ክፈቱ።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን ሐዲስ የሚቀራ ወንድም ፈገግ አለ። «ይህ የኢስናድ ነገር ነው» አለን። እውነቱን ነው። አንድ ሐዲስ ሲመጣ የሐዲስ ሊቃውንት ንግግሩ ማማሩን አይተው አልተቀበሉትም፤ ማን ከማን ሰማ ብለው ሰንሰለቱን ጠየቁ። በሰንሰለቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሰው ማስታወሱ እንዴት ነው፣ በስተርጅና ተምታቶበታል ወይ፣ አገኘሁት የሚለውን ሰው በእርግጥ አግኝቶታል ወይ ብለው መዘኑ። ጀርሕ ወተዕዲል የሚባለው ትልቅ ዘርፍ ከዚህ ወጣ። ደካማ የተባለው ሰው ስሙ ተጽፎ ቀረ፤ ሐሜት ነው ተብሎ አልተተወም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳይሳሳት ነው።

ጠርሙስ ተቅዋ የለውም፣ ማመሳሰሉን ከዚህ በላይ አንወስደውም። ግን ጠርሙስም ሰንሰለት አለው፦ ካምፓኒው፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የሴሉ ክሎን ስም፣ የሎት ቁጥሩ። ዛሬ አርአርአይዲ የሚባል ለእያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያም አለ። በቴሲሶቻችን ውስጥ ግን የምናገኘው «ፀረ እንዲህ አንቲቦዲ ተጠቅመናል» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ «አንድ ሰው ነገረኝ» ከማለት በምን ይሻላል? ሌላም አለ። አንዳንድ ካምፓኒ ከሌላው ገዝቶ የራሱን ስም ለጥፎ ይሸጣል። ሁለት አንቲቦዲ ገዝቶ ሁለቱም ያው ውጤት ሰጡ ብሎ የተደሰተ ሰው፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐዲስ የሚቀራው ወንድማችን ይህንንም ያውቀዋል፤ በሁለት መንገድ የመጣ መስሎ ወደ አንድ ሰው የሚመለስ ዘገባ ሁለት ምስክር አይሆንም።

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ጂን መቁረጥ ለካናዳ ነው፤ እኛ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪዘር እየቀለጠብን የምን ኮንትሮል ነው የምታወሩት?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይህ ጥያቄ በከፊል እውነት ስለሆነ በቁም ነገር እንመልሰው።

እኛን ያዳነችን ቁራጭ ምን ያህል ፈጀች? ሁለት ጣት የምታክል ሜምብሬንና ከሁለተኛው አንቲቦዲ ትንሽ። ውድዋን ጠርሙስ አልነካችም። ፕሮቲኑ እንደሌለበት የሚታወቅ የአካል ክፍል ካለ ከእሱ አንድ መስመር ጄሉ ላይ መጨመር ምንም ወጪ የለውም። ፕሮቲኑ ከጄል ወደ ሜምብሬን መሻገሩን የሚያሳየው ፖንሶ የሚባለው ቀይ ቀለም ርካሽ ነው፣ ደጋግሞ ያገለግላል፣ በውሃ ይለቃል። በ1 ለ1,000 የተበጠበጠ አንቲቦዲ ከሜምብሬኑ ላይ ተመልሶ ተጠራቅሞ ብዙ ጊዜ ዳግም ይሠራል። ጠርሙሷ እንደመጣች በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ማስቀመጥም በተጠቀምን ቁጥር ሁሉም አብሮ እየቀለጠና እየረጋ እንዳይበላሽ ያግዛል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ከዶላር ይልቅ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማሰብ ነው።

ስለ ማጠራቀም ስናነሳ አንድ ነገር እንንገራችሁ። እንዳይሻግት ተብሎ ሶዲየም አዛይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ ይደረግበታል፣ 0.02 በመቶ ያህል። ጥሩ ነው፤ ግን አዛይድ ፐሮክሲዴዙን ይገድለዋል። አንድ የምናውቀው ቡድን ሁለተኛውን አንቲቦዲ አዛይድ ባለበት በፈር አስቀምጦ ኖሮ ሜምብሬኑ ንጹሕ ነጭ ሆነበት። «ፕሮቲኑ በዚህ ናሙና ውስጥ የለም» ብለው ጻፉ። ፕሮቲኑ እንዳለ እርግጠኛ በሆኑበት ናሙና ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ኖሮ ያ መስመርም ነጭ ይሆንባቸውና የሞተው ኢንዛይሙ መሆኑን በዚያው ቀን ያውቁ ነበር። ባንድ መታየቱ ብቻ ሳይሆን አለመታየቱም ሊዋሽ ይችላል። (አዛይድ መርዝ ነው፤ በመዳብ ወይም በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ሲጠራቀም የሚፈነዳ ነገር ይሠራል። ሲንክ ውስጥ አትድፉት።)

አንቲቦዲ ጨርሶ የሌለው ተማሪስ? ጄሉን በኩማሲ ሰማያዊ ቀለም መንከር አለ። ኩማሲ ፕሮቲኑን ሁሉ ያቀልማል፣ የማንንም ስም አይጠራም፤ ስለዚህም ብዙ አይዋሽም። በ1976 ብራድፎርድ የፕሮቲን መጠን የሚለካበትን ዘዴ የሠራው በዚሁ ቀለም ነው፣ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። ስሙን የሰሙ ብዙዎች የኬሚስት ስም ይመስላቸዋል። ኩማሲ የዛሬዋ ጋና ከተማ ናት፣ የአሻንቲዎች መዲና። እንግሊዞች በ1896 ሲይዟት ማንቸስተር ያለ የሱፍ ማቅለሚያ ነጋዴ ለድሉ ማስታወሻ ብሎ በሸቀጡ ላይ ለጠፈው። አፍሪካ ውስጥ ላብ ገብተን በየቀኑ የምንጠራው ይህንኑ ስም ነው። ይህ ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ ታሪክ እንዳለው ለማስታወስ ይጠቅማል።

እስራፍ የምንለውም እዚህ አለ። አንዲት ጠርሙስ ከአንዲት ጥንቸል ወይም ፍየል ደም የተወሰደች ልትሆን ትችላለች። ጉበታቸውን የወሰድንባቸው አይጦችም አሉ። ነፍስ ያለው ነገር ለዕውቀት ብለን ከጎዳን በኋላ ያገኘነውን ዕውቀት ማጭበርበር ምን ይባላል? በላብ ውስጥ ሐላልና ሐራም የሚጠይቅ ሰው ይህንንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ብለን ነው የምንከራከረው። የምርምር ውጤት አማና ነው። አንድ ቀን በዚያ ቅጠል ጭማቂ ታሞ የሚታከም ሰው የእኛን ባንድ አምኖ ነው የሚጠጣው።

ለአማካሪዎቻችንና ለመምህራኖቻችን በትሕትና የምንለው አንድ ነገር አለን። «አልተሳካም፤ ያልተሳካበትም ምክንያት ይህ ነው» ብሎ በማስረጃ የመጣን ተማሪ፣ ማስረጃ ሳይዝ ተሳካልኝ ካለው በታች አታስቀምጡት። ተማሪ ምን እንደሚያሸልም ቶሎ ይማራል። ከዚያ ሌሊት በፊት የነበረውን ዝምታችንን ያስተማረን ማንም ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእኛ በፊት የተመረቁትን ውጤት አይተን ነው።

ለእናንተ ለጀመዓችን ልጆች ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ጀምረናል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንቲቦዲው ስም፣ ካምፓኒ፣ ካታሎግ ቁጥር፣ ክሎን፣ ሎት፣ ከምን እንስሳ እንደተሠራ፣ በምን ናሙና ላይ በስንት ተበጥብጦ እንደተሞከረ፣ ምን ኮንትሮል እንደነበረውና ምን እንዳሳየ ይጻፋል። የሠራውም ያልሠራውም። ሙስሊም ያልሆኑ የላብ ጓደኞቻችሁም እንዲጽፉበት ጠይቋቸው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ጽፈዋል፣ አንደኛው እኛ ለመግዛት አስበነው የነበረውን አንቲቦዲ እንዳንገዛ አድርጎናል። ደብተሩ ከጀመዓው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በስተግራ፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ጎን ነው። ዘወትር ሐሙስ ከዐስር በኋላ ከእኛ አንዱ እዚያ ይቀመጣል፤ ብሎት የተበላሸበት ሜምብሬኑን ወይም ፎቶውን ይዞ ይምጣ።

የመጀመሪያው ገጽ የእህታችን ነው። ቁራጯን በፕላስቲክ ሸፍና ለጥፋዋለች፤ 50 ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብባ «የአይጧ» ብላ ጽፋበታለች።

ወሰላሙ ዓለይኩም።